ቦይለሩን የሚያድነው ዘንግ

ሥራዬ የሕንፃ ጥገና ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ውሃ ያንጠባጥባል ተብዬ ተጠራሁ። ከላይ ያለውን ቦይለር የውጪ ላሜራውን ገፈን ስናይ ታንኩ ከታች በኩል ዝጎ ተበስቷል፤ ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ብታክል ነው። ባለቤቱ ወዲያው "በያጅ ጥራና ይደፈን" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አይሆንም" አልኳቸው። የታንኩ ውስጥ እንደ ድሮዎቹ የብረት ሳህኖች በኢናሜል የተለበጠ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ልባሱን ይሰነጥቀዋል፣ ዝገቱም ከዚያው ዙሪያ እንደገና ይነሳል።

ይልቅ ምክንያቱን ላሳያቸው ብዬ፣ መብራት አጥፍቼና ውሃውን አፍስሼ ታንኩን ከዝገት እንዲጠብቅ ውስጡ የሚገባውን የማግኒዚየም ዘንግ ፈታሁት። አዲሱ የጣት ውፍረት አለው። የወጣው ግን መሐሉ ላይ የሚያልፈው ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ነበር፣ ነጭ ፍርፋሪ እዚህም እዚያም ተጣብቆበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢናሜሉ ጥቃቅን ክፍተት አያጣም፤ በዚያ በኩል ውሃና ብረት ይገናኛሉ። ማግኒዚየም ግን ኤሌክትሮኑን ለመስጠት ከብረት ይቀድማል፣ ስለዚህ እሱ እየተበላ ታንኩ ይተርፋል። እሱ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ይሆናል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከቦችን የመዳብ ልባስ በብረትና በዚንክ ለመጠበቅ የሞከረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቦይለራችን ውስጥ ይሠራል፣ ግን ዘንጉ መኖሩን የሚያውቅ ባለቤት ብዙም አላጋጠመኝም።

በጣም የቆጨኝ ሌላ ነው። ክፍሎቹን የሚያጸዱት እትዬ "ጠዋት ጠዋት የሙቁ ውሃ ቀላ ይል ነበር፣ ተናግሬያለሁ" አሉ። ሰሚ አላገኙም እንጂ ምልክቱ እሱው ነበር። ውሃውን በየቀኑ የሚያየው የሚያጸዳው ሰው ነው፣ እኛ ጥገናዎች የምንደርሰው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

አብሮ የተገዛውን የጎረቤት ክፍል ቦይለር ከፈትኩት። እዚያ ዘንጉ ግማሽ ያህል ቀርቷል፣ ታንኩም ደህና ነው። እንግዳ ብዙም የማይገባበት ክፍል ስለሆነ ውሃው ብዙ አይቀያየርበትም፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውም (ቴርሞስታቱ) ዝቅ ተደርጎ ነበር። ውሃው በሞቀ ቁጥር ዘንጉ ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው በየዓመቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ተፈቶ ይታይ የምለው።

ጋሼ ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ትንሽ አዩትና ለሁሉም ክፍሎች ዘንግ እንድገዛ ብር ሰጡኝ። የተበሳው ቦይለር ግን ተነቅሎ በአዲስ ተተካ።