ሲግናሉ ሲቋረጥ፦ ስለ ድሮን አውቶማቲክ መመለሻ

ድሮን የሚያበር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሲግናል የሚቋረጥበት ቀን አይቀርለትም። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ባለበት ይደርቃል፣ ቀጥሎም ግንኙነቱ መጥፋቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት አብራሪው ማድረግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ድሮኑ የሚያደርገው ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ብዙ ጀማሪዎች አውቶማቲክ መመለሻን፣ ማለትም ሲግናል ሲጠፋ ድሮኑ በራሱ ወደ መነሻው የሚመለስበትን አሠራር፣ ድሮኑ አካባቢውን አይቶና አመዛዝኖ የሚፈጽመው ብልሃት አድርገው ስለሚያስቡት፣ ሲሳካ ያደንቁታል፣ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ ማሽኑ እንደከዳቸው ይሰማቸዋል። እኔ በዚህ አሠራር አጥብቄ አምናለሁ። የማምነው ግን ከመሬት ከመነሳቴ በፊት የሞላሁትን መመሪያ አንድ በአንድ እንደሚፈጽም ነው እንጂ፣ እኔ ያላሰብኩትን እርሱ ያስብልኛል ብዬ አይደለም።

ሲግናል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በርቀት ብቻ ሳይሆን በመሰናክል ነው። አብዛኞቹ የመዝናኛ ድሮኖች ከመቆጣጠሪያቸው ጋር የሚገናኙት በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ሲሆን፣ እነዚህ ሞገዶች ኮረብታ ዞረው ወይም ኮንክሪት ሰንጥቀው ለማለፍ አቅማቸው ደካማ ነው፤ ውሃ ያዘለ ለምለም ቅጠል እንኳ ጉልበታቸውን ይመጥጠዋል። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህ ቀስ በቀስ የሚመጣ ስለሆነ አብራሪው አይቶ ሊዘጋጅበት ይችላል። ሸንተረር ወይም ሕንፃ መሃል ሲገባ ግን መውደቁ ድንገተኛ ነው። በዚህ ላይ አንቴናውን ወደ ድሮኑ መቀሰር ይጠቅማል የሚል የተሳሳተ ልማድ አለ፤ ሞገዱ በጣም ደካማ የሚሆነው በአንቴናው ጫፍ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ወደ ድሮኑ መዞር ያለበት ጠፍጣፋ ጎኑ ነው።

ምስሉ ጠፋ ማለት ድሮኑ ከቁጥጥር ውጪ ሆነ ማለት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ከድሮኑ ወደ እኛ የሚመጣው ቪዲዮ ብዙ መረጃ ስለሚሸከም ሲግናል ሲዳከም ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ከእኛ ወደ ድሮኑ የሚሄደው ትእዛዝ ግን ጥቂት መረጃ ብቻ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ረዘም ብሎ ይቆያል። ስልኩ ላይ ያለው አፕ በድንገት ሲዘጋ ወይም ስልኩን ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሲላቀቅም ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ መቆጣጠሪያውና ድሮኑ ግን እንደተገናኙ ናቸው። ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል። የትእዛዙ መስመር እስካልተቋረጠ ድረስ ድሮኑ ሲግናል እንደጠፋ አይቆጥርም፤ ጆይስቲኮቹ ከተለቀቁ ባለበት ያንዣብባል፣ ከተገፉ ደግሞ በተገፋበት አቅጣጫ አብራሪው ወደማያየው ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ምስሉ ሲጠፋ መጀመሪያ ሁለቱንም ጆይስቲኮች እለቃለሁ፤ ቀጥዬም መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ተጭኜ እይዛለሁ። ድሮኑ ትእዛዙን ከሰማ ጉዞውን ይጀምራል፤ ካልሰማ ደግሞ ግንኙነቱ በእርግጥ ተቋርጧልና ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ በራሱ ይጀምረዋል።

የሚጀምረው ግን እንዲመለስ ተብሎ ከተሞላ ነው። በአብዛኞቹ ድሮኖች ሲግናል ሲጠፋ የሚወሰደው እርምጃ ከሦስት አንዱ ነው፦ ወደ መነሻው መመለስ፣ ባሉበት ማንዣበብ ወይም እዚያው ማረፍ። በገላጣ ቦታ የመጀመሪያው ያለ ጥርጥር ትክክል ነው። በድልድይ ሥር፣ ጣሪያ ባለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ወይም ቅርንጫፎቻቸው በተጋጠሙ ዛፎች መካከል የሚያበር ሰው ግን ይህንኑ ምርጫ ሳይቀይር ከተነሳ፣ ድሮኑ የመመለሻ ከፍታውን፣ ማለትም ሲመለስ እንዲበርበት የተሞላለትን ከፍታ፣ ለመያዝ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከላዩ ካለው ነገር ጋር ይላተማል፤ ብዙዎቹ ድሮኖች ወደ ላይ የሚያይ ሴንሰር የላቸውምና። እንዲህ ባለ ቦታ ማንዣበብን መምረጥ ይሻላል፤ አብራሪው ጥቂት እርምጃ ቀርቦ ወይም ቦታ ቀይሮ ግንኙነቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል።

መነሻ ነጥብ የሚባለውም ሰው እንደሚያስበው ሁልጊዜ ድሮኑ የተነሳበት ቦታ አይደለም። ብዙ ድሮኖች እንደ መነሻ የሚመዘግቡት በቂ የሳተላይት ሲግናል ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙበትን ቦታ ነው። ቸኩሎ የተነሳ ሰው ድሮኑ ከዛፍ ጥላ ወጥቶ ሐይቅ መሃል ሲደርስ ሳተላይቶቹን ካገኘ፣ የመመለሻው መድረሻ ውሃው ላይ ይሆናል ማለት ነው። በጀልባ ላይ ሆኖ የሚያበር ሰውም ተመሳሳይ አደጋ አለበት፤ ጀልባዋ ስትሄድ መነሻ ነጥቡ አብሯት አይሄድም፣ አብራሪው በየጊዜው ካላደሰው በቀር። መነሻው መመዝገቡን የሚያበስረውን ድምፅ ሳልሰማና ካርታው ላይ ምልክቱ በትክክል የቆምኩበት ቦታ መሆኑን ሳላይ ከአጠገቤ አላርቀውም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው የሚልኩት ሲግናል ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ድሮኑ ሰማዩን በስፋት ማየት አለበት፤ ለዚህ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ብዙ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የምናገርበት ጉዳይ ግን የመመለሻ ከፍታ ነው። ይህ ከፍታ በተለመዱት የመዝናኛ ድሮኖች ላይ የሚለካው ከተነሱበት ቦታ ነው እንጂ ድሮኑ በዚያች ሰዓት ከሚያልፍበት መሬት አይደለም። ድሮኑ ከፍታውን በዋናነት የሚያውቀው በአየር ግፊት መለኪያው ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ቢወጣም ቢወርድም ቁጥሩ አይለወጥም። በተጨማሪም ድሮኑ ሲሄድ ተጠማዝዞ የሄደ ቢሆንም ሲመለስ የሚይዘው ቀጥታውን መስመር ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ሲግናል ሲጠፋ በመጡበት መንገድ 50 ሜትር ያህል ወደኋላ ተመልሰው ግንኙነቱን ለማግኘት ይሞክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ግን ቀጥታ ነው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን በአንድ ሸለቆ ውስጥ በቅርብ አይቻለሁ። የተነሳሁት ከሸለቆው ግርጌ ሲሆን፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሸንተረር ከቆምኩበት 80 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በላዩ ላይ ያሉት ዛፎች ደግሞ 15 ሜትር ገደማ ናቸው። ድሮኑ 70 ሜትር ላይ ሆኖ በሸንተረሩ ጥግ ዞሮ ወደ ማዶ አለፈ፤ እንዳለፈም ምስሉ ደረቀ። ስክሪኑ ላይ ርቀቱ 640 ሜትር፣ ባትሪው 61 በመቶ እንደሆነ የሚያሳዩት ቁጥሮች ግራጫ ሆነው ቀሩ። ጆሮዬን ብሰጥም የሞተር ድምፅ አይሰማም፤ ነፋሱ ሣሩን ሲያንኮሻኩሸው ብቻ ይሰማ ነበር። የመመለሻ ከፍታውን የሞላሁት 115 ሜትር አድርጌ ነበርና፣ ድሮኑ በዚያ ከፍታ ቀጥታ ቢመጣ ከዛፎቹ ጫፍ 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ከፍታው 60 ሜትር ተብሎ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ግን ድሮኑ 70 ሜትር ላይ እንዳለ ቀጥታ መጥቶ ከሸንተረሩ ጎን ጋር ይጋጭ ነበር፤ የመመለሻው አሠራርም ያለ አንዳች ብልሽት የታዘዘውን ፈጽሞ ነው የሚጋጨው።

ምስሉ የተመለሰው ድሮኑ ሸንተረሩን ከማቋረጡ በፊት፣ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ወደ ላይ መውጣቱ ከመሰናክል ከማዳኑ ባሻገር በድሮኑና በመቆጣጠሪያው መካከል የነበረውን ግርዶሽ ያስወግዳል፤ ስለዚህ ከመሬት አቀማመጥ የተነሳ የጠፋ ሲግናል ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዚሁ ደረጃ ላይ ነው። ግንኙነቱ እንደተመለሰም መመለሱን ሰርዤ በእጄ ልይዘው እችል ነበር፤ ሸንተረሩን እስኪያልፍ ድረስ ግን አልነካሁትም። ገና ደካማ በሆነ ሲግናል ላይ ጉዞውን ማቋረጥ ድሮኑን እዚያው አንዣብቦ እንዲቆይ ያደርገዋል እንጂ ቶሎ አያመጣውም።

ታዲያ ከፍታውን ከልክ በላይ አብዝቶ መሙላትም መፍትሔ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተራ አብራሪ ከመሬት በላይ ከ120 ሜትር ማለፍ አይፈቀድለትም፤ በብዙ ሌሎች አገሮችም ገደቡ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከሕጉ ሌላ ነፋስ አለ። ከፍ በተባለ ቁጥር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል፤ መሬት ላይ ቅጠል የሚያወዛውዝ ብቻ የሚመስል ነፋስ 100 ሜትር ላይ ድሮኑን የሚገፋ ሊሆን ይችላል። በመመለስ ላይ ሳለ በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ድሮን ነፋስ በሌለበት አንድ ኪሎ ሜትርን በ100 ሰከንድ ይጨርሳል። ፊት ለፊቱ በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ግን ወደ መነሻው የሚቀርበው በሰከንድ 2 ሜትር ብቻ ነውና ያው ኪሎ ሜትር 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በሄደበት ጊዜ ነፋሱ ከኋላው እየገፋው ስለነበር ባትሪው የቆጠበ ይመስላል፤ ዋጋው የሚከፈለው ሲመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ነፋስ ባለበት ቀን መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ እሄዳለሁ፣ ስመለስ ከኋላ እንዲገፋልኝ። ነፋሱ ከበረታበትና ግንኙነቱ ካለ ደግሞ መመለሱን ሰርዤ፣ መሬቱ የሚፈቅድ ሲሆን ዝቅ አድርጌ አመጣዋለሁ።

መሰናክል የሚያዩ ሴንሰሮች ያሏቸው ድሮኖች ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው የሚል ሐሳብ አልቀበልም። ሴንሰሮቹ በአብዛኛው ካሜራዎች በመሆናቸው በጨለማ አያዩም፤ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍና መስታወት ያመልጧቸዋል። ኮምፓሱም የራሱ ጣጣ አለው። ድሮኑ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ቢያውቅም ፊቱ ወዴት እንደዞረ የሚነግረው በዋናነት ኮምፓሱ ነው፤ ብረት በበዛበት የኮንክሪት ወለል ወይም በመኪና ላይ አስቀምጠው ካስነሱት ይሳሳትና ቀጥታ መብረር አቅቶት እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይዞር ይሆናል። የሳተላይት ሲግናል ጨርሶ ከሌለ ደግሞ በአብዛኞቹ ድሮኖች መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ድሮኑ ከፍታውን ጠብቆ ነፋሱ ወደወሰደው ሊንሳፈፍ ይችላል።

አሠራሩን መሞከር የሚገባው በመከራ ቀን አይደለም። ሰው በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ድሮኑን መጠነኛ ርቀት ወስዶ የመመለሻ ቁልፉን መጫንና መውጣቱን፣ መዞሩን፣ መምጣቱንና መውረዱን በዓይን መከታተል ይበቃል። በጣም ቅርብ ሆኖ መሞከር ግን ያሳስታል፤ ብዙ ሞዴሎች ከመነሻቸው ጥቂት ሜትር ላይ ካሉ ወደ ላይ ሳይወጡ እዚያው ያርፋሉ። ድሮኑን ራሱ የገጣጠመ ሰው ሥራው ይበዛል። ለምሳሌ አርዱፓይለት በሚባለው የድሮን ማብረሪያ ሶፍትዌር የመመለሻ ከፍታው ካልተቀየረ 15 ሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ ትልቅ ዛፍ ያነሰ ነው። አንዳንድ ሪሲቨሮችም (ድሮኑ ላይ ሆነው ከመቆጣጠሪያው የሚመጣውን ትእዛዝ የሚቀበሉት) ሲግናል ሲጠፋ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ስለሚቀጥሉ፣ ድሮኑ ግንኙነቱ መቋረጡን ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። ይህ የሚፈተሸው ፕሮፔለሮቹ ተነቅለው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መቆጣጠሪያውን በማጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ይኖራል። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያውንም አፑንም ማጥፋት አይገባም። አፑ የመጨረሻውን ቦታ ካርታው ላይ ይዞ ይቆያልና ፎቶ አንስቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ መቆጣጠሪያውን ከፍ አድርጌ ይዤ ወደዚያው እሄዳለሁ፣ መሬት ላይ የወደቀ ድሮን ባትሪው ካላለቀ ሲቀርቡት መልሶ ሊገናኝ ይችላልና። ብዙ ሞዴሎች ግንኙነቱ ሲመለስ መብራታቸውን እያበሩ ድምፅ እንዲያሰሙ ማድረግ ይቻላል። ፍለጋውን የምጀምረው ከመጨረሻው ቦታ እስከ መነሻው ባለው ቀጥታ መስመር ላይ ሆኖ፣ ነፋሱ ወደሚገፋበት ጎን እያሰፋሁ ነው። ሲገኝ ባትሪውን ወዲያው አወጣለሁ፤ ካበጠ ወይም ከተቀጠቀጠ ዳግመኛ ቻርጅ አላደርገውም፣ የሊቲየም ባትሪ ጉዳት ከደረሰበት ሰዓታት በኋላም ሊቀጣጠል ይችላልና።