የአባዬ የባሕር ደብተር

ትናንት ከእህቴ ጋር የእማዬን ቁም ሳጥን ስናስተካክል አንድ ቀጭን ደብተር ወጣ። ገጾቹ እርጥበት ጠጥተው ስለደረቁ ሲገለጡ ይንኮሻኮሻሉ። ገና ሳልከፍተው አወቅኩት። የአባዬ የባሕር ደብተር ነው።

ልጆች ሳለን ትምህርት ሲዘጋ ወደ ባሕር ዳርቻ እንወርድ ነበር። አሸዋው ዳር በአንድ መስመር የተደረደሩ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አሉ። አንዷን በየዓመቱ እንከራያለን። ጎረቤቶቻችንም እንደኛው በየዓመቱ የሚመለሱ ቤተሰቦች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አንገናኝም። የደረስን ቀን ግን ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። እናቶች ያገኙትን ልጅ ይቆጣሉ፣ ያገኙትን ልጅ እግር ያጥባሉ። በየደጁ ሳፋ ነበር፤ እግሩን ሳይለቀለቅ ማንም አይገባም። አሸዋው ግን እንደ ምንም ብሎ ይገባል። አንሶላ ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ መጽሐፍ ገጽ መሃል። ከወራት በኋላ እንኳ ከጫማዬ ጫፍ ሲወጣ አላራግፈውም ነበር። መልሼ እዚያው እተወዋለሁ።

የቤታችን በር እርጥበት ስለሚጠጣ ያብጣል። በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። አባዬ እንደደረስን ገና ሻንጣ ሳይፈታ የበሩን ጠርዝ በሻማ ያሸዋል። እሱን ሲጨርስ ማጠፊያውን ያያል። በየዓመቱ ዝጎ ነው የሚጠብቀን፤ የባሕር አየር ብረት አይምርም።

ከተማ ሳለን አባዬን የምናገኘው በእንቅልፍ ሰዓት ነበር። ሲወጣም ተኝተናል፣ ሲገባም ተኝተናል። ባሕር ጋ ሲደርስ ግን ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የሚያወጣው ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ሲመዘግብ ብቻ ነው። እኛንም አስተማረን። ውሃው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሞላ፣ እንደገና የሚሞላው ማታ 2 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ 3 ሰዓት ለ10 ጉዳይ። በቀን 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይላል። «ጨረቃን ነው የሚከተለው» ይለን ነበር። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ከፀሐይ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለሚሆኑ ሁለቱም በአንድነት ይስቡታል። ያን ሰሞን ውሃው ከሌላው ጊዜ ከፍ ብሎ ይሞላል፣ ከሌላው ጊዜም ርቆ ይሸሻል።

እኛ የምንጠብቀው ርቆ የሚሸሽበትን ቀን ነው። ያኔ ብቻ እስከ ትልቁ ዓለት በእግር ይኬዳል። ዓለቱ ላይ ውሃው ረስቷቸው የሄደ የሚመስሉ ትንንሽ ኩሬዎች አሉ። በሆዳችን ተኝተን ወደ ውስጥ እናያለን። አንድ ቀን አንዲት ሸርጣን ቤት ስትቀይር አየን። ይህችኛዋ ዓይነት የኋላ አካሏ ለስላሳ ነው፤ የራሱ ጠንካራ ቅርፊት የለውም፤ ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ፈልጋ ትገባለች፣ ስታድግ ሰፋ ያለ ትፈልጋለች። አዲሱን ዛጎል በእግሯ እየዳሰሰች ለካችው። ዞረችው። ውስጡን ፈተሸች። ከዚያ ዓይን እስኪጨፈን በሚያህል ጊዜ ከአንዱ ወጥታ አንዱ ውስጥ ተሸጎጠች። እህቴ ጮኸች። አባዬ ከኛ ጋር በሆዱ ተኝቶ ነበር፤ ሸሚዙ ረጥቦ፣ ፊቱ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እንደዚያ ሆኖ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።

ያን ቀን ቆየን። በጣም ቆየን። ቀና ስንል በእግራችን የመጣንበት አሸዋ ውሃ ሆኗል። አባዬ አንድ ቃል አልተናገረም። እህቴን ትከሻው ላይ አወጣት፣ እኔን በእጄ ያዘኝ፣ ገባን። ውሃው እሱን ወገቡ ላይ፣ እኔን ደረቴ ላይ ደረሰኝ። እህቴ ከላይ ሆና ትስቃለች። እኔም ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ወጥተን እግራችንን ሳፋው ውስጥ ስንለቀለቅ አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን አየ። ለእማዬ የነገራት አይመስለኝም።

ደብተሩን ትናንት ከዳር እስከ ዳር አየሁት። እውነቱን ለመናገር እኛን ነበር የምፈልገው። ስማችን የለም። ያች ሸርጣን የለችም። በእርሳስ የተጻፈ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው፤ ሞላ፣ ሸሸ፣ ሞላ፣ ሸሸ። መሃል ላይ ግን አንድ ገጽ አለ። አንዱ ሰዓት ከሥሩ ተሰምሮበታል። እርሳሱ በጣም ስለተጫነ ወረቀቱ ተበስቷል፤ ቀዳዳው በቀጣዩ ገጽ ላይም ይታያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሸሸ» በተባለበት መስመር ሁሉ ጎን ሌላ ሰዓት ተጨምሯል። «መመለሻ» ይላል። በየቀኑ። ዓለቱ ጋ ባልሄድንባቸው ቀናት ጭምር። እስከ መጨረሻው ገጽ።

ለእህቴ አሳየኋት። ጣቷን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ዝም አለች።

«ልቡ ተረከዜ ላይ ይመታ ነበር» አለችኝ። «ትከሻው ላይ ሆኜ። እኔ እኮ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር።»