ነጭ የደም ሴል ከፍ ስላለ ብቻ ሴሉላይተስ ነው አልልም

እማማ የመጡት ሁለቱም እግሮቻቸው ቀልተውና አብጠው ነው። ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ አዘዝኩ። ነጭ የደም ሴል 14,200። በቃ፣ ሴሉላይተስ፣ ማለትም የቆዳና ከሥሩ ያለው ሥጋ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፣ ነው ብዬ አስተኛኋቸውና በደም ስር አንቲባዮቲክ ጀመርኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ቅላቱ ያው ነው። ትኩሳት ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም። ራውንድ ላይ ሲኒየሬ «ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ወደ እሳቸው ዞሬ ጠየቅኳቸው።

«ለመገጣጠሚያዬ ፕሬድኒሶሎን ከጀመርኩ ወር አለፈኝ እኮ ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?»

በጣም አፈርኩ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚቆዩትን ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ዝውውሩ ስለሚለቃቸው፣ አንድም ባክቴሪያ ሳይኖር ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ግን ትዝ አላለኝም። የእማማ ችግር ደም ከእግር ወደ ላይ በደንብ ባለመመለሱ የመጣ የቆዳ መቆጣት ነበር። አንቲባዮቲኩን አቁመን እግራቸውን ከፍ አድርገን ስናስተኛቸው ቅላቱ እየቀነሰ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ቆዳው ቀልቶ ለመጣ ሰው ሁሉ ኒውትሮፊሉን፣ ሊምፎሳይት የሚባለውን ሌላ ዓይነት ነጭ ሴል፣ ባንድ የሚባለውን ገና ያልበሰለ ኒውትሮፊል፣ የሰውነት ሙቀቱን፣ የልብ ምቱን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ አንድ እግር ይሁን ሁለት እጽፋለሁ። ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ ማካፈልም ጀመርኩ። 8,400 ለ1,200 ሲካፈል 7 ይመጣል፤ ጤነኛ አዋቂ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ነው። ስሌቱን ወድጄዋለሁ፣ ከተራ ሲቢሲ ስለሚወጣ ተጨማሪ ምርመራ አይጠይቅም። ግን ቀዶ ሕክምናም፣ ሌላ ከባድ ሕመምም፣ ያው ስቴሮይድም ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ብቻውን አላምነውም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከተቃራኒው ጉዳይ ነው። ስኳር ያለበት ሰውዬ እግሩን አሞት መጣ። ላዩ ብዙም አልቀላም፣ ሕመሙ ግን ከሚታየው ጋር አይመጣጠንም። ነጭ ሴሉ 6,900፣ ፍጹም ኖርማል። ልረጋጋ ስል ከላብራቶሪ ተደወለ። «ዶክተር፣ ቁጥሩን ተወውና መጥተህ ስሚሩን እይ።» ወርጄ ስሚሩን፣ ማለትም መስታወት ላይ የተቀባውን የደም ጠብታ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ባንድ 18 በመቶ ነው፤ ሴሎቹ ውስጥ ደግሞ ቶክሲክ ግራኑሌሽን የሚባል፣ በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ የሚታይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለ። መቅኒው ያለውን ሁሉ፣ ያልደረሰውንም ጭምር፣ እየላከ ነበር ማለት ነው። ቀዶ ሐኪሞቹን ጠራን፣ አንቲባዮቲክም ወዲያው ጀመርን። ሲከፈት ከሥር መግል ተገኘ። ያንን ስልክ ያልደወለ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም።

ኤኤልቲ-70 የሚባለውን ለእግር ሴሉላይተስ የተሠራ ነጥብ አሰጣጥ ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ከጠቅላላው 7 ነጥብ፣ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ 3፣ ዕድሜ 70ና ከዚያ በላይ 2፣ የልብ ምት 90ና ከዚያ በላይ 1 ያገኛሉ። ነጭ ሴል 10,000ና ከዚያ በላይ መሆኑስ? 1 ብቻ። እኔ እማማ ላይ ሙሉውን ፍርድ የጣልኩት በዚያች አንድ ነጥብ ላይ ነበር።

ሲዲ64 የሚባል፣ ሴል ላይ የሚገኝ ፕሮቲን የሆነ የተሻለ ምልክትም አለ። ኒውትሮፊል ሲያርፍ ላዩ ላይ በጣም ጥቂት ነው፣ ባክቴሪያ ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ይበዛል። ግን ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚመረምር ፍሎው ሳይቶሜትሪ በሚባል ዘዴ ነው የሚለካው፣ ማሽኑ ሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ቢገኝም ኢንፌክሽኑ ቆዳ ላይ ይሁን ሳንባ ውስጥ አይነግርህም።

አሁን የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አሰምርና ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ በማግስቱ ሲቢሲውን እደግማለሁ። ማዘዣው ላይም «ስሚር ይታይ» ብዬ እጨምራለሁ፣ ታማሚው ስቴሮይድ ከወሰደ እዚያው ላይ አሰፍራለሁ። የላብራቶሪው ጓደኛዬም ባንድ በዝቶ ሲያይ ውጤቱ እስኪታተም አይጠብቅም፣ ይደውላል።