ቀዩ ፌሮ ለምን ደበዘዘ?

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። የሕንፃ ዲዛይን የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። አለቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ለድራፍት ሠራተኛችን ሁለት ሞኒተር ከመግዛት አንድ ትልቅ ስማርት ቲቪ ይሻላል ብለው ባለ 50 ኢንች ይዘው መጡ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ባለ 4ኬ ቲቪ ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ነጥብ አለው። ሙሉ የፎቅ ፕላን ከፍቶ አንዴ ዙም አንዴ መልስ ሳይሉ ማየት ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ኮምፒውተሩ ሲሰካ መጀመሪያ የዊንዶውስ የታችኛው መስመር ጠፋ። ሰዓቱ የለም፣ ስታርት ግማሹ ተቆርጧል። ይሄ ቀላሉ ነበር። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቲቪዎች የምስሉ ዳር ስለማያምርባቸው ምስሉን ትንሽ ለጠጥ አድርገው ጠርዙን ከፍሬሙ ጀርባ ይደብቁት ነበር። ቱቦው ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ልማዱ ግን እስካሁን ብዙ ቲቪ ላይ አለ። ከምስል መጠን ሴቲንግ ውስጥ "ስክሪን ፊት" የሚለውን ስንመርጥ መስመሩ ብቅ አለ። አንዳንድ ቲቪ ላይ "ጀስት ስካን" ይባላል።

ራስ ምታት የሆነው ቀዩ ነው።

ድራፍት የምትሠራው ልጅ አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ላይ ፌሮዎቹን፣ ማለትም ኮንክሪት ውስጥ የሚገቡትን ብረቶች፣ በቀይ ነው የምታሰምረው፤ ጀርባው ጥቁር ነው። ነጩ የኮለን (የምሰሶ) መስመር እንደ ምላጭ ጥርት ብሎ ይታያል። አጠገቡ ያለው ቀይ ፌሮ ግን ውኃ የነካው እስክሪብቶ መስሏል። የፌሮውን ውፍረት የሚነግሩት ቁጥሮች የባሱ ነበሩ። አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራትም። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ይሄ 14 ነው 16?" ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። በፌሮ ደግሞ ቀልድ የለም።

ሻጩ ጋ ተደወለ። "ኬብሉ ነው፣ ይቀይሩት" አለ። ሌላ ኬብል ተገዛ፤ ያው ነው። ድጋሚ ሲደወልለት "ቲቪ እኮ ለማየት እንጂ ለማንበብ አይደለም" ብሏቸው አረፈ። ጋሼ በገኑ። "ይመለስ!" አሉ። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ድረስ ያንን ካርቶን በኮንትራት መኪና ጭኖ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል።

ለኢንተርንሺፕ የመጣው ልጅ ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ ፔይንት ከፈተ። ጥቁር ላይ አንድ መስመር በነጭ፣ አንድ መስመር በቀይ ጻፈ። ነጩ ጥርት፣ ቀዩ ድብዝዝ። "ኬብል ቢሆን ቀይን ለይቶ አያጠቃም" አለ። እውነቱን ነው። ኮምፒውተሩን ከቲቪው በሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ኬብል የሚያልፈው ዲጂታል ነገር ነው። ኬብሉ ከተበላሸ ምስሉ ይጠፋል ወይም ነጠብጣብ ይረጫል እንጂ አንድን ቀለም ብቻ አያደበዝዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ቦታ እንዳይፈጅ ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ይላካል፣ ቀለሙን ግን አራት ጎረቤት ነጥቦች ይጋሩታል። ዓይናችን ለብርሃን እንጂ ለቀለም ያን ያህል ጥንቁቅ ስላልሆነ ፊልም ላይ ማንም አይነቃም። አንድ ነጥብ ብቻ የምትወፍር ቀይ መስመር ላይ ግን ቀለሙ ወደ ጎረቤት ይፈሳል። ቲቪው የተሰካበትን ነገር ዲኮደር መስሎታል፤ ስለዚህ ቀለሙን እንደ ፊልም አጋርቶ ያሳየዋል።

መድኃኒቱን ስሰማ ሳቄ መጣ። ልጁ በሪሞት ገብቶ ኬብሉ የተሰካበትን ቀዳዳ፣ የኤችዲኤምአይ አንድን፣ ስም "ፒሲ" ብሎ ቀየረው። በቃ! ብዙ ቲቪዎች ላይ ይህ ለጌጥ የተቀመጠ ስም አይደለም፤ ቲቪው ቀለሙን ሳይቆርጥ እንዲያሳይ የሚያዝ ማብሪያ ነው። ለዚያው ቀዳዳ የሙሉ ቀለም ሴቲንጉንም አብሮ አበራው፤ እሱ ደግሞ በየብራንዱ ስሙ ይለያያል። ስክሪኑ አንዴ ጨለም ብሎ ተመለሰ። ፌሮው 16 ነበር።

ሌላውን ቶሎ ጨረስነው። ሻርፕነስ (ጠርዝን የሚያጎላው ሴቲንግ) ወደ ታች ወረደ፤ ከፍ ሲል ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይሠራል። የፊደል መጠን ዊንዶውስ ላይ 150 በመቶ ሆነ። የጋሼ አሮጌ ላፕቶፕ ሲሰካ ግን ማውሱ እየተንቀረፈፈ አስቸገረ። የኤችዲኤምአይ 1.4 ቀዳዳ ስለሆነ በ4ኬ በሴኮንድ ከ30 ምስል በላይ አይወጣለትም። ለእሳቸው ወደ 1080 አወረድንላቸው፤ ማውሱም ወደ 60 ተመልሶ ቀለል አለ።

ስሙ የሚሠራው ለተሰጠው ቀዳዳ ብቻ ነው። ኬብሉ ወደ ሁለት ቢዞር ድብዘዛው ይመለሳል። ስለዚህ ቀዳዳ አንድ ላይ ፕላስተር ለጥፈን "የድራፍት፣ አይነቀልም" ብለን ጻፍንበት። ጋሼ ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ ሲያዩ ዲኮደሩን ሁለት ላይ ነው የሚሰኩት፤ እሱንም ልጅቷን አስፈቅደው።