ኩብሪክ ያልቀረጸው ናፖሊዮን

የፊልም ዳይሬክተሩ የስታንሊ ኩብሪክ ስም ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ለእይታ ስለበቁት ሥራዎቹ ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ሳይቀረጽ የቀረው የናፖሊዮን ፊልሙ ነው። ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»ን ካወጣ በኋላ ፊቱን ወደ ፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት አዞረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን የሰበሰበ ሲሆን፣ ረዳቶቹም ናፖሊዮንና በዙሪያው የነበሩ ሰዎች በየዕለቱ የት እንደነበሩና ምን ያደርጉ እንደነበር በትናንሽ ካርዶች ላይ እየጻፉ በቀን ቅደም ተከተል በመሳቢያዎች ደረደሩለት። ለጦርነቱ ትዕይንቶች በሺዎች የሚቆጠሩ የሮማኒያ ወታደሮችን ለማሰለፍ አስቦ ነበር፤ ከካሜራው ርቀው ለሚቆሙትም ከወረቀት የተሠራ የደንብ ልብስ ሊያለብሳቸው አቅዶ ነበር (ቁጠባው ሳያስቀኝ አልቀረም)።

ስክሪፕቱ በ1969 ቢጠናቀቅም ስቱዲዮዎቹ ወጪውን ፈርተው አፈገፈጉ፤ በ1970 የወጣው፣ ስለ ናፖሊዮን የመጨረሻ ሽንፈት የሚተርከው የሰርጌይ ቦንዳርቹክ ፊልም «ዋተርሉ» ገበያ ማጣቱም ፍርሃታቸውን አባባሰው። ኩብሪክ የተዋቸው ሌሎች ሥራዎችም አሉ፤ ለምሳሌ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ስለፈጸሙት እልቂት ሊሠራው የነበረውን «አርያን ፔፐርስ»ን የጣለው፣ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠራውን «ሺንድለርስ ሊስት»ን በ1993 ካወጣ በኋላ ነው።

በእኔ እምነት የናፖሊዮን ድካም ከንቱ አልቀረም። ለናፖሊዮን ፊልሙ የወጠነውን በሻማ ብርሃን ብቻ የመቅረጽ ሐሳብ በ1975 በወጣው «ባሪ ሊንደን» ተግባራዊ ያደረገው፣ የጀርመኑ ሌንስ አምራች ዛይስ ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የሠራቸውን እጅግ ብርሃን ሳቢ ሌንሶች ገዝቶ ከፊልም ካሜራ ጋር እንዲገጣጠሙ በማድረግ ነበር።