«ሜዳው የእኛ አይደለም»

ደሴ ላይ በጽዳት ሥራ ስቆይ ካጋጠመኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ መልስ ነው። የጠየቅኋቸው ቀላል ነገር ነበር፦ በጨዋታ ቀን በየረድፉ ቆሻሻ መያዣ ባዶ ማዳበሪያ ይቀመጥ፤ የደጋፊ ማኅበሩም ጨዋታው ሲያልቅ ጥቂት ቆይቶ ቆሻሻውን ያንሳ።

«ሜዳው የእኛ አይደለም፤ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ቆሻሻው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የእኛ ሥራ ኳስ ነው» አሉኝ።

ከጨዋታ ማግስት የሜዳውን የውኃ መውረጃ ቦይ የምናውቀው እኛ ነን። የሱፍ ገለባ የታጨቀበት ፌስታል፣ የተጨመቀ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሁሉም በጭቃ ተጣብቆ ውኃውን ይዘጋዋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ያወርደዋል። ቦርከና ደግሞ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ታዲያ የማን ነው ልበል?

ስለ ፎረስት ግሪን ሮቨርስ አነሣሁላቸው። የእንግሊዝ ትንሽ ክለብ ነው፤ የስታዲየሙ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አለው፣ ሣሩን ያለ ኬሚካል ያሳድጋል።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው።»

«ማዳበሪያ ስንት ያወጣል? የጃፓን ደጋፊዎች በዓለም ዋንጫ ቆሻሻ የሚያነሡት በፌስታል ነው።»

«ሲያሸንፉ ነዋ! የእኛ ሰው ተሸንፎ ቆሻሻ ሲለቅም ይታይህ።»

«በ2018 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ላይ ቤልጂየምን 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል 3 ለ 2 ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ። ደጋፊዎቹ ያን ዕለትም አጽድተው ነው የሄዱት።»

ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ወጣሁ።

በቀጥታ የሄድሁት ደጋፊውን በከበሮ ወደሚመራው ወጣት ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማዳበሪያውን ማን ያመጣል?» እኔ አመጣለሁ አልሁት። «እንግዲያው ሌላውን ለእኔ ተወው፣ ወንድሜ» አለ።

በዚያ ሳምንት ቡድናችን ተሸነፈ። ብዙው ሰው ዳኛውን እየረገመ ወጣ። ልጁ ግን ከበሮውን ከትከሻው አውርዶ ጎንበስ አለ፤ በዙሪያው የነበሩትም ተከተሉት። የእነሱ ረድፍ እስኪጸዳ ድረስ አልተነሡም። ከማዶ ያለው ጥግ እንደነበረ ቀረ። እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

በር ላይ ስንደርስ ጠርሙስ ለቅመው ለቆራሌው በኪሎ የሚሸጡ ልጆች ከበቡን። «ጋሼ፣ ይህን ከጫናችሁት እኛ ምን እንሸጣለን?» አለኝ አንዱ። ልክ ነው፤ ከእኛ በፊት ያንን ሜዳ ሲያጸዱ የኖሩት እነሱ ናቸው። ጠርሙሱን ለይተን እዚያው ሰጠናቸው። ፌስታሉን ግን ማንም አልጠየቀንም፤ በኪሎ የሚገዛው የለምና ቦዩን የሚዘጋውም እሱ ነው።

ስለዚህ በር ላይ ሱፍና ቆሎ የሚሸጡ እናቶች በወረቀት ጥቅልል እንዲሸጡ፣ ወረቀቱንም ክለቡ እንዲያቀርብ ደብዳቤ ጻፍሁ። እናቶቹ ወረቀቱ ከቀረበላቸው ፈቃደኛ ናቸው፤ አነጋግሬያቸዋለሁ። ደብዳቤው ግን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነው። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ከበሮ መቺውን ይዤ ተመልሼ እሄዳለሁ።