ሱፍ ልታሰፋለት ነው?

ሚኒሶታ ስትኖር በብርዱ ወቅት ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ቤት ቁጭ ብለህ ማሞቂያውን ታቅፋለህ፣ ወይ የረጋ ሐይቅ ላይ ወጥተህ በረዶ በስተህ ዓሣ ታጠምዳለህ። እኔ ሁለተኛው ውስጥ ገባሁ። እዚህ ሰፈር ደግሞ ሰው በፖለቲካ ሳይጣላ በማጥመጃ ክር ይጣላል።

የጠቡ ሰበብ ዎልአይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የግዛቲቱ ዓሣ ተብሎ በሕግ የተሾመ፣ ድንግዝግዝ ሲል አጥርቶ የሚያይ፣ ጥርሳም ነገር። ለእሱ የሚሆነው ክር የትኛው ነው? ሞኖ የሚሉ አሉ። ሞኖ ያው የምናውቀው ናይለን ነው። ርካሽ ነው፣ ብርድ ላይም ጠባዩ አይከፋም፣ ግን ይለጠጣል። ስምንት ሜትር ታች ያለው ዓሣ ጂጉን፣ ያቺን ክብደት ያላትን መንጠቆ፣ አፉ ከትቶ መልሶ ሲተፋው አንተ ላይ ሆነህ ስለ ቤት ኪራይ እያሰብክ ነው። ፍሎሮካርቦን የሚሉም አሉ። እሱ ውሃ አይጠጣም፤ ብርሃን የሚሰብርበት መጠንም ከውሃ ብዙ ስለማይርቅ ዓሣው በቀላሉ አያየውም። ግን ግትር ነው። በትንሿ የበረዶ ሪል፣ በክር መጠቅለያዋ ላይ፣ ተጠቅልሎ ከከረመ እንደ ድሮ ስልክ ሽቦ እየተጥመለመለ ነው የሚወርደው። ሦስተኛው ብሬድ ነው፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደው። መለጠጥ የሚባል ነገር የለውም፤ ዓሣው ቢያስነጥስ ይሰማሃል። ችግሩ በክሮቹ መሃል ውሃ ይዞ ይወጣል። ያ ውሃ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ላይ ምን እንደሚሆን እመጣበታለሁ።

ጥር ላይ የባለቤቴ አባት ከሐዋሳ መጡ። አማቴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ያደጉት። ቆሮሶና አምባዛን በግል የሚያውቋቸው ነው የሚመስለው። ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ በገንዘብ እንደሚገዛ ስነግራቸው «ዓሣው ነው የሚፈርመው?» አሉኝና ዝም አሉ። ክር ልንገዛ ሱቅ ገባን። ሻጩ ልጅ ስድስት ፓውንድ ፍሎሮካርቦን አውጥቶ ሰጠን፤ ፓውንዱ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው። አማቴ ፓውንዱን ወደ ኪሎ አስመነዘሩኝ።

«ሦስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ? ይሄ ሥጋ ቤት ገብቶ አንድ ብልት አያንጠለጥልም!»

ከዚያ ብሬዱን አገኙት። አረንጓዴ፣ ሃያ ፓውንድ። ናሙናውን በሁለት እጃቸው ጠምጥመው ሳቡት፣ እንደገና ሳቡት፣ ፊታቸው ቀላ። አልተበጠሰም። «ገመድ ማለት ይሄ ነው» ብለው ለሻጩ በአማርኛ ነገሩት። ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከአማቱ ጋር በክር የሚከራከር ካለ እጁን ያውጣ።

ሚል ላክስ ሐይቅ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ግድም ይነዳል። በረዶው ላይ በእግር ለመሄድ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይመከራል፤ የዚያን ቀን ግማሽ ሜትር ይጠጋ ነበር፣ ፒክአፖች ይርመሰመሱበታል። አማቴ ይሄን ሁሉ ሰምተው፣ ማማተብ ሳያቆሙ ነው የወረዱት። ከወፍራሙ ጃኬት ላይ ጋቢያቸውን ደርበዋል። የጋቢውን ነገር ያዙልኝ።

ድንኳኗን ከነማሞቂያዋ ይዤ ነበር። ገና ስዘረጋት፣

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ ለብርዱ ነው። ክሩም እንዳይ...»

«እጠፋት ልጄ! በሰው አገር፣ ያውም በጥር፣ ድንኳን አይተከልብኝም።»

ታጠፈች። እንግዲህ ብሬድ ሞቅ ባለ ድንኳን ውስጥ ጨዋ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። በጠበበችው ቀዳዳ ጂጉን ላክን። ሥራው ቀላል ነው፦ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከዚያ ዝም። ዎልአይ የሚነክሰው ብዙ ጊዜ ዝም ባልክበት ነው። አማቴ ከፍና ዝቁን ወደዱት፣ ዝሙን ግን አልቻሉም። የሐዋሳውን አሞራ ገደል እያወሩ፣ ጂጉን በየደቂቃው እያወጡ ያያሉ። በወጣ ቁጥር ክሩ ላይ ያለው ውሃ ጠጠር በጠጠር ይረጋል። ጠጠሩ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ቀለበት ጋ ሲደርስ ይራገፍና እዚያው ይከማቻል። እኔ በጣቴ እሰብራለሁ፣ እሳቸው ይሞሉታል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዘንጉ ደገነ። «ያዘ! ያዘ!» ሪሉን ሊያዞሩ ቢሉ፣ በፍጹም። ቀለበቷ በበረዶ ተደፍናለች፣ ክሩ አያልፍም። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አማቴ ዘንጉን በረዶው ላይ ወረወሩት፣ ጓንታቸውን በጥርሳቸው አወለቁ፣ ክሩን በእጃቸው ይስቡት ጀመር። የሳቡትን ጭናቸው ላይ ይቆልላሉ። ጭናቸው ላይ ደግሞ ጋቢው አለ።

ዓሣው ወጣ። ወርቃማ፣ የሚያምር። ጎረቤት ያሉት አጥማጆች አጨበጨቡ። አማቴ እጃቸውን አነሱላቸው። እኔ ሜትሬን አወጣሁ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ልለካው አባባ።»

«ሱፍ ልታሰፋለት ነው?»

ሚል ላክስ ላይ ይዘህ የምትሄደው ዎልአይ ርዝመቱ በደንብ የተወሰነ ነው። የእኛው በሁለት ጣት አነሰ። ስመልሰው ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ቀዳዳዋ ቡልቅ አለችና ጸጥ። አማቴ ምንም አልተናገሩም፤ ብቻ ብድግ ብለው ወደ መኪናው ገሰገሱ።

ዘንጉም ተከተላቸው። እርጥቡ ብሬድ ከጋቢው ጋር አንድ ላይ ረግቶ ኖሯል። ከዘንጉ ኋላ ባልዲው፣ ከባልዲው ኋላ እኔ «አባባ ይቁሙ!» እያልኩ። አንዱ አጥማጅ ቢራውን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። መኪና ውስጥ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ጋቢው ቀልጦ ክሩን እስኪለቅ ጠበቅን። ጂጉን ለማውጣት አንድ ሁለት ጥለት መቁረጥ ነበረብኝ። የቆረጥኩበትን ቦታ አማቴ እስካሁን ለእንግዳ ያሳያሉ አሉ።

ባለቤቴ አዋዜ በጥብጣ፣ መጥበሻ ጥዳ እየጠበቀች ነው። መንገድ ላይ ከሱፐርማርኬት የካናዳ ዎልአይ ገዛን፤ የታሸገበትን ወረቀት ቤንዚን ማደያ ጣልነው። «ይሄኛውን ለክተኸዋል?» ሲሉ ሰማኋቸው፣ አልመለስኩም።

እኔ አሁን ሜዳ ላይ ስድስት ፓውንድ ሞኖ ነው የምጠቀልለው። ድንኳን ውስጥ ስሆን ቀጭን ብሬድ፣ ጫፉ ላይ አንድ ክንድ ፍሎሮካርቦን፤ ቋጠሮውን በምራቅ አርሶ ማጥበቅ ነው፣ ደረቁን ከጠበቀ ይቃጠላል። የተረፈውን ሃያ ፓውንድ ግን አማቴ በሻንጣ ይዘውት ሄዱ። ባለፈው ደውለው፣ ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ዛፍ ወጥረው ልብስ ማስጫ እንዳደረጉት ነገሩኝ።

«ይሄው ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክሟል። የዚያን ልጅ ክር ብንገዛ ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?»

«እውነትዎን ነው አባባ» አልኩ። ምን ልበል?